አተር የዋጠው ኒውክሊየስ

መንዝ ውስጥ ዘመሮ ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ዕድሜዬ ሃያ አንድ፣ ንብረቴ ደግሞ አንድ ስስ ኮትና አንድ ደብተር ነበር። ኮቱን የመንዝ ብርድ በመጀመሪያው ሳምንት መሳቂያ አደረገው። ደብተሩ ግን ያሞቀኝ ነበር። ኮሌጅ ሳለን አንድ ፈረንጅ መምህራችን ስለ አተም እምብርት የነገረንን ሁሉ አንድም ቃል ሳላስቀር የገለበጥኩት እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ሳስበው ግማሹ አልገባኝም ነበር። በዚያ ዕድሜ ግን ግማሽ የገባው ሰው ሙሉ ከገባው ይልቅ ለማስተማር ድፍረት አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአተም እምብርት፣ ኒውክሊየስ የሚሉት፣ በዓይን አይታይም፤ በማጉያ መነጽርም አይታይም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ኤሌክትሮን የሚባለውን ኢምንት ቅንጣት በረጅም ቧንቧ ውስጥ አስሩጠው አስሩጠው ይለቁበታል። ከዚያ የሚያዩት እምብርቱን ሳይሆን ኤሌክትሮኖቹ ወዴት እንደተበተኑ ነው። ስንቱ በቀጥታ አለፈ፣ ስንቱ ጠመም አለ፣ ስንቱ ወደመጣበት ተመለሰ፤ ይህን ለቅመው የማይታየውን ነገር ይስሉታል። ኤሌክትሮን የተመረጠበትም ምክንያት አለው። በኒውክሊየሱ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች እርስ በርስ ተናንቀው የሚያዙበት ብርቱ ኃይል አለ፤ ኤሌክትሮን በዚያ ጉዳይ እጁን አያስገባም። የቤተ ዘመድ ጠብ የማይመለከተው እንግዳ ስለሆነ ያየውን ሳያጣምም ይናገራል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ ውጤቱ ነው። ኒውክሊየስ እንደ ጠጠር ዳሩ የተቆረጠ አይደለም፤ እየሳሳ እየሳሳ ነው የሚያልቀው። ይህን ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳስረዳ የዘመሮን ገበያ ጠቀስኩላቸው። መሐሉ ላይ ሰውና በግ ተፋፍጎ መተላለፊያ የለም። ወደ ዳር ሲወጡ ሰዉ እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ብቻዋን ጌሾ ዘርግታ ትገኛለች። ገበያው እሷ ጋ ነው የሚያልቀው ወይስ ከእሷ ወዲህ? ብዬ ጠየቅኩ። መጠየቅ አልነበረብኝም። የመንዝ ልጆች ናቸው፤ ወሰን የሚባል ነገር ከተነሳ ምስክር ሳይቆጠር አይበተኑም። ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወል ሲደወል ገና ጌሾ ሻጯ በየትኛው በኩል እንደምትቀመጥ እየተከራከሩ ነበር።

እኔም ነገሩን በተግባር ላሳያቸው ቆረጥኩ። ከአሮጌ በር የተረፈ ሰፊ ሳንቃ ነበር። በአራት ድንጋዮች ላይ አጋድሜ በክፍሉ ወለል ላይ አቆምኩት። ዙሪያውን በጆንያ ጨርቅ ጋረድኩና ከታች ሦስት ጣት የምታህል ክፍተት ተውኩለት። ኤሌክትሮን በዘመሮ ስለማይገኝ በምትኩ እንቧይ አስለቀምኩ። እንቧዩ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ላይ ተንከባሎ ይገባል፣ ከሳንቃው ሥር የተደበቀውን ነገር ይነካል፣ ተጣሞ ይወጣል። የገባበትንና የወጣበትን በጠመኔ እናሰምራለን። ቀርከሃውን «ማፋጠኛ» ብዬ ሰየምኩት። ስሙ ከዕቃው ይበልጥ ነበር፤ ቢሆንም ተማሪዎቹ ሲጠሩት እኔ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር።

የቀረው የሚደበቀው ነገር ነው። እኔ ካስቀመጥኩት እኔ አውቀዋለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ባለበት ደግሞ ምርመራው ጨዋታ ይሆናል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠራሁ። ቀጠን ያሉ፣ በሱፍ ባናቸው ተጠቅልለው ከበሩ የማይጠፉ፣ ከሦስት ቃል በላይ መናገር እንደ ብክነት የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ከሳንቃው ሥር አንድ ነገር ያስቀምጡልኝ» አልኳቸው። «ብረት ይሁን፤ እንቧይ ሲመታው እንዳይነቃነቅ በጭቃ ይለጥፉት። ደግሞ ማንም የማይገምተው ነገር ይሁን። እኔም ራሴ ማወቅ የለብኝም።»

«እርስዎም?»

«እኔም።»

«አስተማሪው ካላወቀ ተማሪውን ማን ያርመዋል?»

ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ያስቀመጡትን ለማንም እንዳይናገሩ እንዲምሉ ጠየቅኳቸው። እርግጥ ነው ቃላቸው ይበቃኝ ነበር፤ ነገር ግን ለሳይንስ ክብር ስል ነገሩን ከፍ ላደርገው ፈለግሁ። ጋሼም ቆብ የመሰለውን የሱፍ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እስከ መቼ ነው የሚያስምሉኝ?» አሉ።

«ነገሩ በራሱ እስኪገለጥ።»

በደብራቸው ታቦት ማሉ። እኔም ወጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ቅዳሜ ነበር።

ሰኞ በእንቧይ ጀመርን። ሦስት ቀን ሙሉ አንከባለልን። የወጣልን ቅርጽ ግን ድፎ ዳቦ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋይም፣ የተኛ ድመትም ሊሆን ይችላል። ያኔ ደብተሬን ገልጬ አነበብኩላቸው። ቅንጣቷ ስትፈጥንና ስትደቅ የምታሳየውም እንዲሁ ደቃቅ ነው፤ ትልቅ እንቧይ ትንሿን ጎድጓዳ አይገባባትም። በማግስቱ ክፍሉ ሁሉ ከየቤቱ አተር ይዞ መጣ።

አተሩ ተአምር ሠራ። ጎንና ትከሻ የሚለይ ቅርጽ ብቅ አለ። አንዱ ትከሻ ላይ ደግሞ ትንሽ የተሸረፈ ነገር አለ። ከዚህ ሌላ አንድ አቅጣጫ ነበር፤ ከዚያ በኩል የለቀቅናቸው አተሮች ገብተው ይቀራሉ። አንድ ተማሪ በደብተሩ ላይ «ኒውክሊየሱ በሰሜን በኩል አፍ አለው፤ አተርም ይበላል» ብሎ ጻፈ። ዐሥር ከዐሥር ሰጠሁት።

በነዚሁ ቀናት ጠዋት ጠዋት ስመጣ አንድ ነገር አይ ነበር። ዘበኛው የትምህርት ቤቱን መጋዘን በር ተደግፈው፣ በባናቸው እንደተጠቀለሉ፣ እግራቸውን ደጃፉ ላይ ዘርግተው ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ቀድሞ የሚያድሩት በጎጇቸው ነበር። ዕድሜ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። እኔ የማይታየውን በመመርመር ሥራ ተጠምጄ ነበርና የሚታየውን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም።

መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ለአዲሱ ክፍል ጣሪያ የአገሬው ሰው አዋጥቶ የገዛው ቆርቆሮ ነው። በሩ ላይ የሚንጠለጠለው ጓጉንቸር ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ የሁለት እጅ ጭብጥ የሚያህል ብረት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዐርብ ዕለት የአካባቢው ጭቃ ሹም ቆርቆሮውን ሊያዩ ቢመጡ ጓጉንቸሩ የለም፤ በሩ በጠፍር ታስሯል። ቆርቆሮው አንድም ሳይጎድል አለ። የጠፋው ጓጉንቸሩ ብቻ ነው።

ጭቃ ሹሙ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ግን ለፍርድ የሚጨነቁ ሰው ነበሩ። ነገሩን አገላብጠው አሰቡት። «ቆርቆሮውን ትቶ ጓጉንቸሩን የወሰደ ሌባ» አሉ፣ «ወይ እብድ ነው፣ ወይ እኛ ያልደረስንበት ተንኮለኛ ነው። ዛሬ ጓጉንቸሩን፣ ነገ ቆርቆሮውን።» ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረው የት እንደደረሰ ጠየቋቸው። ዘበኛው መሬት መሬት ያያሉ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ በክር እንደተንጠለጠለ ነው።

ፍተሻ ተጀመረ። ጭቃ ሹሙ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እኔ ክፍል ድረስ መጡና ሳንቃውን አዩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ይህ የአተም እምብርት ነው» አልኳቸው።

«አንሳውና ሥሩን እንየው።»

አላነሳም አልኩ። ዛሬም ድረስ ያቺን ንግግሬን ሳስታውስ ጆሮዬ ይግላል። የተፈጥሮን ምሥጢር ክዳን ከፍቶ ማየት እንደማይቻል፣ ሊቃውንቱም ኒውክሊየስን ከፍተው እንዳላዩት፣ ሳንቃውን ማንሳት የሁለት ሳምንት ዕውቀት መቅበር እንደሆነ ቆሜ ሰበክሁ። እጄን ሁሉ አወናጨፍኩ። ሽማግሌዎቹም የመንግሥት ዕቃ መስሏቸው ነው መሰል ወደኋላ አሉ። ዘበኛው በሩን ይዘው ቆመው ነበር። ያን ሁሉ ስናገር ጣሪያውን ያያሉ። ሳር ክዳኑ ላይ ምን እንዳገኙ አልጠየቅኩም።

ጓጉንቸሩ ስላልተገኘ አውጫጭኝ ተጠራ።

አውጫጭኝ ለማያውቅ ልንገር። ሌባ ሲጠፋ የአካባቢው ወንድ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ እርሻም ገበያም የለም። እያንዳንዱ እየተነሳ አልወሰድኩም፣ የወሰደ አላየሁም፣ አልሰማሁም ብሎ ይምላል። የሚያውቅ ሰው ካለ ራሱን ሳይገልጥ በተመረጡ ሰዎች በኩል ያስነግራል፤ ያን ጠቋሚ ወፍ ይሉታል። የገብስ አጨዳ በደረሰበት ሰሞን፣ ያ ሁሉ ሰው ማጭዱን ሰቅሎ፣ ለአንድ ጓጉንቸር ብሎ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ ስለ ጓጉንቸሩ ሲያወራ የሰሙት ሁሉ ዘመድ የሞተ ይመስላቸው ነበር።

እኔም ተነስቼ ማልኩ። አልወሰድኩም፣ የወሰደ አላየሁም፣ አልሰማሁም። እውነቴን ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የለ!

ዘበኛው ሲጠሩ ግን ነገሩ ተንጠለጠለ።

«አልሰረቅሁም» አሉ። «በዚህ እምላለሁ።»

«የወሰደውን አላየሁምም በል» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«እሱን አልልም።»

«ታዲያ አይተሃል?»

«አየሁም አልልም።»

«ሰምተሃል?»

«ነፋስ ነው የምሰማው።»

ሜዳው አጉረመረመ። ጭቃ ሹሙ ጥያቄውን በሌላ በኩል አመጡት፤ ዘበኛው ጠመም ብለው አለፉ። ሽማግሌዎቹ በፊት ለፊት ጠየቁ፤ ጥያቄው እንደገባ ተመልሶ መጣላቸው። እንዲህ ሲሉ ዋሉ፤ በማግስቱም ቀጠሉ። ሁለተኛው ቀን ወደ ማምሻው ሲጠጋ ጭቃ ሹሙ ትዕግሥታቸው አለቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተናገሩ ዘበኝነቱ ከእጃቸው ይወጣል፤ ስማቸውም በሌባ ይያዛል። የዘበኝነቱስ ይሁን። የዘበኛውን ሴት ልጅ ለወንድ ልጃቸው የጠየቁት ሰዎች እዚያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሌባ ቤት ማን ይጋባል? ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ ዘበኛው አዩ። ያኔም አልተናገሩም፤ ባናቸውን ወደ ደረታቸው ሰብሰብ ብቻ አደረጉት።

እኔስ ምን ላይ ነበርኩ? ኒውክሊየስ እስል ነበር። መሐላው ስለሰለቸኝ ከወለሉ የገለበጥኩትን የጠመኔ መስመር በትልቅ ወረቀት ላይ ይዤ መጥቻለሁ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በእርሳስ ነጥቡን ከነጥብ አያይዛለሁ። አጠገቤ የቄስ ትምህርት ቤቱ የኔታ ተቀምጠዋል። እኔንም ትምህርቴንም ብዙ አይወዱም፤ ግን ፀሐዩ ሲከር ጃንጥላቸውን ያካፍሉኛል።

«ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

«የተደበቀውን እምብርት እየሳልኩ ነው፣ የኔታ።»

አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩ። «ጓጉንቸር ነው» አሉ።

«አይደለም። ይህ በሳይንስ የተገኘ ቅርጽ ነው።»

«በምንም ይገኝ። አፉን የከፈተ ጓጉንቸር ነው። እንዲያውም የመጋዘኑ ነው። ትከሻው ላይ ሽርፍ አለበት፤ ይኸውና።»

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አተር ያቺን ሽርፍ አሳይቷል! አንድ ሰው ሥራዬን በአንድ አፍታ አይቶ በስሙ ጠራው! የኔታን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ቀስ እያለ ሌላው ነገር መጣ። ብረት ይሁን፣ ማንም የማይገምተው ይሁን፣ ነገሩ በራሱ እስኪገለጥ። የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ የተዘረጉት እግሮች ትዝ አሉኝ።

ተነሳሁ።

«ወፍ አለህ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«አለኝ» አልኩ። «አተር ናት።»

ማንም አልሳቀም። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ዘረጋሁት። ከፊት ያሉት ቅርጹን አወቁት፤ ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን ጠየቁ፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ አንድ ላይ ተነስቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎረፈ። እኔ ከፊት፣ ጭቃ ሹሙ እያለከለኩ ከኋላዬ። ተፈጥሮ ክዳን የላትም ብዬ የሰበክሁበትን ሳንቃ በገዛ እጄ አነሳሁት። ጓጉንቸሩ በጭቃ ተለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ አፉ ውስጥ አተር ሞልቶ ተቀምጧል።

ያኔ ተሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ይዘው ሳቁ፤ የኔታ መቋሚያቸውን ጥለው ሳቁ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እኔና ጭቃ ሹሙ። ጭቃ ሹሙ በደንብ ስላልገባቸው ነው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ወደ ዘበኛው ዞረው። «ይህን እያወቅህ ነው ሁለት ቀን ሙሉ ያቆየኸን?»

«ምያለሁ» አሉ ዘበኛው።

«እንጀራህ ሲነካም?»

«ስምል እንጀራዬ እስኪነካ ድረስ አላልኩማ።»

ጭቃ ሹሙ እጃቸውን ዘበኛው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ሰዉን አሰናበቱ። ሦስተኛው ረድፍ የነበሩት ሰዎች ሲወጡ ለዘበኛው ከወትሮው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። የእኔን ቅጣት ስብሰባው በቃል ጨርሶታል፤ እኔን ያየ ሁሉ «አተር አለህ?» ይለኝ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ወደ ዓለም ከተማ ተዛውሬ ስሄድ አንድ የመርሐቤቴ ነጋዴ ገና ስሜን ሳልነግረው ይህንኑ ጠየቀኝ።

በማግስቱ የሳንቃው መቆሚያ ከነበሩት አራት ድንጋዮች ከባዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጋሼ ደጃፍ ሄድኩ። የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለው ድንጋይ ተሸክሞ ነውና። ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ብዙም አላቆዩኝም።

«ያውርዱት፣ መምህር። ለትምህርቱ ይፈልጉታል።»

አውርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለምን ጓጉንቸሩን እንደመረጡ ጠየቅኳቸው። ማንም የማይገምተው ይሁን አላሉኝም? አሉ። በር ላይ ነው ብሎ ሰው ሁሉ የሚያምነውን ነገር ማን ከሳንቃ ሥር ይፈልገዋል? አስበውበታል። እስኪገለጥ ድረስ ደግሞ በሩን በገላቸው ሊዘጉት ቆረጡ።

«በጆሮዬ እንኳ ሹክ ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

«እኔም ማወቅ የለብኝም ያለው ማን ነበር?»

ጋሼ ባናቸውን አስተካከሉና፣ ሲያስብበት የሰነበተውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ያ ፈረንጆቹ የሚወረውሩበት እምብርት፣ ከየአቅጣጫው ሲመቱት ያመዋል?»

ሕይወት እኮ የለውም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ሜዳው ፊቴ ላይ መጣ፤ ሰው ሁሉ ጥያቄ ሲወረውርባቸው፣ የወረወሩት ወዴት እንደሚዞር ሲጠብቅ፣ እኔ ደግሞ ዓይኔን ወረቀት ላይ ተክዬ ነጥብ ስቀጥል። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ጠይቀነው አናውቅም።»